ከማኅተም እስከ ድረ ገጽ፦ የፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ስም ታሪክ

የፎቶግራፍ ጀርባ አንዳንድ ጊዜ ከፊቱ የበለጠ ይናገራል። በቤተሰብ እጅ የሚገኙ አሮጌ ፎቶግራፎችን ገልብጦ ያየ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያገኛል፤ ወይ የፎቶ ቤቱን ማኅተም፣ ወይ በብዕር የተጻፈ የመታሰቢያ ቃል፣ ወይ ባዶ ወረቀት። ማኅተም ያለበት ማን እንዳነሣው ይታወቃል። ጽሑፍ ያለበት ለማን እንደተሰጠ ይታወቃል። ባዶው ግን ባለቤቱ ሲያልፍ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መልክ ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ሥራውን ለዓለም ለማሳየት ሲያስብ በመጀመሪያ የሚመክሩት ድረ ገጽ እንዲያሠራ ነው። ምክሩ አዲስ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን ካሜራ ወደ ቀጣናችን ከገባበት ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ይህን ምስል ማን አነሣው? በምስሉ ላይ ያለው ሰው ማን ነው? መቼና የት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው መሣሪያ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ መጀመሪያ ፊርማ፣ ቀጥሎ ማኅተምና የፎቶ ቤት መስኮት፣ ከዚያ አልበምና መጽሐፍ፣ በመጨረሻም ድረ ገጽ ሆኗል። ባለሙያዎች የሥራ ስብስባቸውን የሚጠሩበት «ፖርትፎሊዮ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን «መያዝ» እና «ወረቀት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። ተሸክመውት የሚዞሩት የወረቀት ማኅደር ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ማኅደር ጉዞ በአጭሩ ይከተላል። በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካሜራው ሲገባ

የፎቶግራፍ ጥበብ በይፋ የታወጀው በ1839 በፓሪስ ነው። ኢትዮጵያ ለመድረስ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ወደ አገሪቱ የተጓዘው ሚሲዮናዊ ሄንሪ ስተርን ካሜራ ይዘው ከገቡት ቀደምት ሰዎች መካከል ይቆጠራል። በ1868 መቅደላ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ በመሐንዲሶቹ ሥር የራሱን የፎቶግራፍ ክፍል አስከትሎ ነበር። የክፍሉ ዋነኛ ተግባር ካርታና ንድፍ ማባዛት ሲሆን፣ ከዚህ ጎን ለጎን ተራራውን፣ የጦር ሰፈሩን፣ መኮንኖቹንና አምባውን አንሥቷል። እነዚህ ምስሎች ዛሬም በተለያዩ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በአብዛኛው የሚታወቁት ግን በወታደራዊው ክፍል ስም እንጂ መዝጊያውን በከፈተው ሰው ስም አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው፣ የዘመቻው መነሻ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስካሁን አለመታወቁ ነው።

በዚያው ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ዋይት በምትባለው ደሴት ሳለም ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። ልዑሉ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ያ ሐዘንተኛ ፊት በመላው ዓለም ይታወቃል፤ የአንሺዋም ስም አብሮት ይታወቃል። ምክንያቱ ዝነኛ መሆኗ ብቻ አይደለም። ካሜሮን በሥራዎቿ ላይ ትፈርም፣ ርእስ ትጽፍ፣ በአገሯ የባለቤትነት ሕግም መሠረት ታስመዘግብ ነበር። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ያስመዘገበቻቸው ፎቶግራፎች ከ500 በላይ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ዓመትና በአንድ ታሪክ ውስጥ የተነሡ ሁለት ዓይነት ምስሎች አሉን። የካሜሮን ሥራ የአንሺዋን ስም፣ የተነሣውን ልጅ ስምና ዘመኑን ይዞ ተሻግሯል። ከአምባው ሥር የተነሡት ብዙዎቹ ግን የሠራዊቱን ስም ብቻ ይዘው ቀርተዋል። ልዩነቱን የፈጠረው የካሜራው ጥራት ሳይሆን ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ የተጻፈው ጥቂት ቃል ነው።

ፎቶ ቤቱ፦ መስኮትና ማኅተም

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የፎቶግራፍ ሥራ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የዕለት ተዕለት ንግድ ሆነ። ጣልያናዊው ሉዊጂ ናሬቲ በምጽዋ፣ ከጎዋ የመጣው የጎሜስ ቤተሰብ በዛንዚባር ፎቶ ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ሙያውን ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ወርሰውት ከዐፄ ምኒልክ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመኳንንቱንና የከተማውን መልክ በማንሣት ዘልቀዋል። በዛንዚባር የድንጋይ ከተማ ራንቾድ ኦዛ በ1930 የከፈቱት ካፒታል አርት ስቱዲዮም ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሌላው ምሳሌ ነው።

እነዚህ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያሳዩባቸው ሁለት መንገዶች ነበሯቸው። አንደኛው የፎቶ ቤቱ መስኮት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በአስመራ፣ በናይሮቢም ሆነ በሞምባሳ ያደገ ሰው ይህን መስኮት ያስታውሰዋል፤ ሙሽሮች፣ ካባ የለበሱ ተመራቂዎች፣ በትከሻቸው ሸማ የጣሉ እናቶች፣ የመጀመሪያ ልደቱን የሚያከብር ሕፃን በመስተዋቱ ውስጥ ተደርድረው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። መስኮቱ ለብዙ ፎቶግራፎች ቦታ ስለሌለው ባለሙያው መምረጥ ነበረበት። ያረጀውን አውርዶ አዲሱን ይሰቅላል። ከበላዩ ስሙ በጉልህ ተጽፏል፤ አድራሻውም ራሱ ቤቱ ነው። ደንበኛው ዋጋ ሳይጠይቅ በፊት ሥራውን አይቶ ይወስናል።

ሁለተኛው መንገድ ማኅተሙ ነው። መስኮቱ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ማኅተሙ ግን ከፎቶግራፉ ጋር በፖስታ ወደ ጎጃም ይሄዳል፤ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ይደርሳል፤ ከሰላሳ ዓመት በኋላም ከአልበም ሲወጣ የአንሺውን ስም ይናገራል። መስኮቱ ለዛሬ ደንበኛ፣ ማኅተሙ ለነገ ተመልካች የተዘጋጁ ነበሩ ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ልማድም ነበር። በቅኝ ገዥዎች ግዛት ለገበያ በታተሙ ፖስታ ካርዶች ላይ የአሳታሚው ስም በጉልህ ሲጻፍ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ሴት ወይም ያለው ሽማግሌ ግን የነገዱ ወይም የሥራው ዓይነት ብቻ ይጻፍለት ነበር። «የእንዲህ ያለ ነገድ ሴት»፣ «የእንዲህ ያለ አገር ወታደር» ተብሎ የተሸጠው ሰው እናት ያወጣችለት ስም ነበረው። ያ ስም ባለመጻፉ ዛሬ የልጅ ልጆቹ ምስሉን ቢያገኙት እንኳ አያታቸው መሆኑን ሊያውቁ አይችሉም። ስለዚህ የስም መጥፋት አንሺውን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም፤ የተነሣውንም ይመለከታል።

ስም የለሽ ሊቅ

ስም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በግልጽ ያሳየው አጋጣሚ የተፈጸመው ከቀጣናችን ርቆ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው። በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ በተከፈተ ትልቅ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ከማሊ ዋና ከተማ ከባማኮ የተገኙ ጥቂት ፎቶግራፎች ተሰቀሉ። ሰዎቹ በተጌጠ ጨርቅ ፊት፣ በክብርና በእርጋታ ተቀምጠዋል። ተመልካቹ ተደነቀ። ከሥራቸው ያለው መግለጫ ግን አንሺው እንደማይታወቅ የሚገልጽ ነበር።

ምስሎቹን ካዩት አንዱ የሆነው ሰብሳቢ ዣን ፒጎዚ፣ አንድሬ ማኜ የተባለ ባለሙያ አንሺውን ፈልጎ እንዲያገኝ ወደ ባማኮ ላከ። አንሺው በሕይወት ነበሩ። ስማቸው ሴይዱ ኬይታ ይባላል፤ በ1948 በባማኮ ፎቶ ቤት ከፍተው ለዓመታት የከተማይቱን ነዋሪዎች አንሥተዋል፤ ኔጌቲቮቻቸውንም በጥንቃቄ አኑረዋል። በ1994 ፓሪስ ውስጥ ሥራዎቻቸው ለብቻቸው ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በባማኮ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ ተጀመረ። ኬይታ በ2001 ሲያርፉ ከክፍለ ዘመኑ ታላላቅ የመልክ አንሺዎች አንዱ ተብለው ነበር።

ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ኬይታ ስማቸውን ሳያኖሩ የቀሩ ሰው አለመሆናቸው ነው። ለደንበኞቻቸው በሚሰጧቸው ፎቶግራፎች ጀርባ ላይ ማኅተማቸውን ይመቱ ነበር። ኒው ዮርክ የተሰቀሉት ግን ከኔጌቲቭ እንደገና የታተሙ ነበሩ፤ በኔጌቲቭ ላይ ደግሞ ማኅተም የለም። ምስሉ ከወረቀቱ ሲለይ ስሙ በወረቀቱ ጀርባ ቀረ። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ በዲጂታሉ ዘመን በየቀኑ የሚደርሰው ይኸው ስለሆነ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካም ተመሳሳይ ታሪኮች አሉ። ኬንያዊው ፕሪያ ራምራካ ላይፍ ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት የሠራና በ1968 በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ሲዘግብ የተገደለ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሥራዎቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ርቀው ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ተቀምጠው ቆዩ። በዘመዱ ብርታት ተገኝተው በመጽሐፍ የታተሙት በ2018 ነው፤ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታም ከ1963 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱን የመጨረሻ ዓመታትና ተከትሎት የመጣውን ለውጥ አንሥተው፣ በኋላ ኑሯቸውን ለንደን አደረጉ። ኔጌቲቮቻቸውን ይዘው ባይወጡ ኖሮ የዚያ ዘመን አንድ ክፍል አብሮ በጠፋ ነበር።

ከዚህ የተሻለ ዕድል የገጠመው የመሐመድ አሚን ሥራ ነው። በ1943 ናይሮቢ የተወለደው አሚን ገና በሃያ ዓመቱ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈውና የኢትዮጵያን ረኀብ ለዓለም ያሳወቀው ዘገባ ምስል የእሱ ነው። በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ ክንዱን አጣ። በ1996 በኮሞሮስ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ነገር ግን ምስሎቹ በስሙ፣ በቦታቸውና በቀናቸው ተመዝግበው በአንድ ተቋም ሥር ስለተቀመጡ፣ ከእሱ በኋላም ማን እንዳነሣቸው የሚጠይቅ አልኖረም።

መረቡ ሲዘረጋ

እስከ 1990ዎቹ መባቻ ድረስ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራውን ለሩቅ አዘጋጅ ለማሳየት የታተሙ ፎቶግራፎችን በማኅደር ይዞ መሄድ ወይም በፖስታ መላክ ነበረበት። ከአዲስ አበባ ወይም ከካምፓላ የሚሠራ ሰው ለንደን ድረስ ማኅደር መላክ ምን ያህል ያስወጣው እንደነበር መገመት አያዳግትም። የላከው ላይመለስለትም ይችላል።

ይህን የለወጠው ከጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም ውስጥ ቲም በርነርስ ሊ የፈለሰፈው የድረ ገጽ ሥርዓት ነው። ተቋሙ በሚያዝያ 1993 ሥርዓቱን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚያው ዓመት የካቲት ማርክ አንድሪሰን የተባለ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ በጽሑፍ መካከል ሥዕል ማስገቢያ ትእዛዝ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ፤ ሞዛይክ በተባለው ማሰሻም ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፎቶግራፍና መግለጫው በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ሊቀመጡ ቻሉ። የፎቶ ቤቱ መስኮት ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ በዓለም ፊት የሚቆምበት ዕድል ተገኘ።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1997 ነው። በስልክ መስመር በሚሠራ ሞደም ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 7 ኪሎባይት ስለነበር፣ 70 ኪሎባይት የሆነች አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ ለመክፈት፣ መስመሩ ሳይቋረጥ፣ አሥር ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነበር። በተግባር ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል።

ሌላው እንቅፋት ፊደላችን ነበር። በዚያን ጊዜ ያሉ የአማርኛ ድረ ገጾች ጽሑፋቸውን ለማሳየት አንባቢው የተለየ የፊደል ቅርጽ እንዲጭን ይጠይቃሉ፤ ወይም ጽሑፉን ራሱን እንደ ሥዕል አድርገው ይለጥፉታል። አንዱ ኮምፒውተር ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። በመስከረም 1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው የዊንዶውስ ቪስታ ሥርዓትም ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ይዞ መጣ። የዚህ ጥቅም ለደራሲው ብቻ አልነበረም። በፎቶግራፍ ሥር በአማርኛ የተጻፈ ስም በመፈለጊያ የሚገኘው ስሙ ፊደል ሆኖ ሲጻፍ ነውና፣ ለፎቶግራፍ አንሺውም ማኅተም ሆነለት።

የኪራይ ቤቶች ታሪክ

ድረ ገጽ ከተፈለሰፈ ወዲህ ያለው ታሪክ ግን የግስጋሴ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የመፍረስም ታሪክ ነው። ብዙ ባለሙያዎች የራሳቸውን ቤት ከመሥራት ይልቅ በሌላው ቤት መከራየትን መረጡ። ኪራዩ ነፃ መሰላቸው።

ጂኦሲቲስ የተባለው ነፃ የድረ ገጽ መንደር በ1994 ተመሥርቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችን ካስተናገደ በኋላ፣ በጥቅምት 2009 ከጃፓን በስተቀር ተዘጋ። በውስጡ የነበሩ አልበሞች አብረው ጠፉ፤ ፈቃደኞች በጥድፊያ የቀዱት ክፍል ብቻ ተረፈ። ፎቶበኬት የተባለው የፎቶ ማስቀመጫ በ2017 ሕጉን ለውጦ፣ ምስሎቻቸው በሌሎች ድረ ገጾች ላይ እንዲታዩ የሚፈልጉ ተጠቃሚዎች በዓመት 399 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍሉ ጠየቀ። በአንድ ሌሊት በየድረ ገጹ የነበሩ ፎቶግራፎች ቦታቸው ባዶ ሆነ። በ2004 የተከፈተው ፍሊከር ባለቤቱ ከተለወጠ በኋላ በ2018 ነፃ ተጠቃሚዎቹ ከ1,000 ፎቶግራፍ በላይ እንዳይኖራቸው ወሰነ። ማይስፔስ ደግሞ በ2019 ለአሥራ ሁለት ዓመታት የተጫኑ ሙዚቃዎችና ምስሎች ዕቃ ሲያዛውር እንደጠፉበት አመነ።

ከዚህ የሚለየው ግን ትምህርቱ የማያንሰው የፍላሽ ታሪክ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፎቶግራፍ አንሺ ድረ ገጽ ማለት በፍላሽ የተሠራ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ፣ ምስሎቹ እየተንሸራተቱ የሚመጡበት ገጽ ማለት ነበር። ባለሙያዎች ለዚህ ብዙ ገንዘብ አውጥተዋል። የአፕል ስልኮች ፍላሽን አልተቀበሉትም፤ አምራቹ ድርጅት አዶቤም በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቆመ። እነዚያ ያሸበረቁ ገጾች ዛሬ በተለመዱት ማሰሻዎች አይከፈቱም። በአንጻሩ ሰርን በ2013 መልሶ ያቆመው የመጀመሪያው ድረ ገጽ፣ ጥቂት ጽሑፍና ጥቂት መያያዣ ብቻ ያለው ተራ ገጽ፣ ዛሬም በማንኛውም ስልክ ይነበባል። ያሸበረቀው ሲሞት ተራው ኖረ።

ኢንስታግራም በ2010 ሲመጣ ፎቶግራፍ ማሳየት ከምንጊዜውም በላይ ቀላል ሆነ። ብዙ የቀጣናችን ወጣቶች የታወቁት በእርሱ ነው፤ ይህ ውለታ የሚካድ አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያሉ መድረኮች ላይ የትናንቱ ምስል በዛሬው ሥር ይቀበራል። ብዙዎቹም ምስሉ ሲጫን በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የአንሺ ስምና ቀን ይገፍፋሉ። አንዱ ከአንዱ እየቀዳ ሲያሠራጨው ምስሉ ይሄዳል፤ ስሙ ይቀራል። በኬይታ ኔጌቲቮች ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ያኔ ስም ለመጥፋት የአሥርት ዓመታት ጊዜ አስፈልጎት ነበር፤ አሁን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ቀላሉ ገጽ ምን ይዟል?

እንግዲህ የራስ ድረ ገጽ ዋጋው ከዚህ ታሪክ ይታያል። ድረ ገጹ መስኮትም ማኅተምም ነው፤ ለዛሬው ደንበኛ ሥራን ያሳያል፣ ለነገው ተመልካች ስምን ያስቀምጣል። እነዚህን ሁለት ተግባራት ለመፈጸም ብዙ ነገር አያስፈልገውም።

በመጀመሪያ ምርጫ ነው። የፎቶ ቤቱ መስኮት ለብዙ ፎቶግራፎች ቦታ አልነበረውም፤ ባለሙያውን የጠቀመውም ይህ ጥበት ነው። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ አምስት ምስል የሚበቃ ሲሆን፣ ደካማው ምስል ከጠንካራው አጠገብ ሲቀመጥ ጠንካራውን እንደሚያደክም ማስታወስ ይገባል። ሠርግ የሚያነሣና ዜና የሚዘግብ ሰው ሁለቱን ሥራዎች በሁለት ክፍል ቢለያቸው መልካም ነው።

ሁለተኛው የምስሉ መጠን ነው። ከዘመናዊ ካሜራ የሚወጣ ፋይል 20 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ረጅም ጎኑ ወደ 2,000 ፒክስል ተቀንሶ ሲቀመጥ ግን 300 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፤ በስክሪን ላይ ለዓይን የሚታይ ልዩነት የለውም። በዚህ ስሌት ሃያ ፎቶግራፎች 6 ሜጋባይት ብቻ ይሆናሉ። በቀጣናችን አብዛኛው ሰው ድረ ገጽ የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል ነውና ይህ ለተመልካቹ የሚደረግ አክብሮት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው መግለጫ ጽሑፉ ነው። የተነሣው ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ያነሣው ማን ነው የሚሉት አራት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ምስል ሥር መመለስ አለባቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከእነዚህ ላይ አንድ የሚጨመር አለ፤ ዘመን አቆጣጠሩ። በአንድ ፎቶግራፍ ሥር «1966» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ምን እንረዳለን? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የካቲት የፈነዳበት፣ ተማሪው፣ ወታደሩና ባለ ታክሲው አደባባይ የወጣበት ዓመት ነው። በአውሮፓውያኑ ከሆነ ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን የጎበኙበት፣ ዙፋኑ የጸና ይመስል የነበረበት ዘመን ነው። ያንኑ ሕዝብ፣ ያንኑ አደባባይ የሚያሳየው ምስል በአንዱ አቆጣጠር ንጉሡን ሊቀበል የወጣ፣ በሌላው ንጉሡን ሊቃወም የወጣ ሕዝብ ይሆናል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚሉት ጥቂት ፊደላት ይህን ያህል ይመዝናሉ።

አራተኛው ስም በሁለት ፊደል መጻፉ ነው። የመግለጫ ጽሑፎችን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ዘወትር የሚገጥመው ችግር አለ፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱን ሰው አራት ሰው ያደርገዋል። የሚያስታርቃቸው በራሱ በባለቤቱ ገጽ ላይ የሚገኘው የግእዙ ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ስሙን በአማርኛ፣ ቀጥሎ እሱ ራሱ በመረጠው አንድ ዓይነት የላቲን ጽሕፈት ማስቀመጥና ከዚያ አለመናወጥ ይበጃል። ጽሑፉም በምስሉ ላይ የተሳለ ሳይሆን ሊፈለግና ሊቀዳ የሚችል እውነተኛ ፊደል ይሁን።

አምስተኛው አድራሻው ነው። የራስን ስም የያዘ የድረ ገጽ አድራሻ በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ ይገኛል። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለአገር ቤት ባለሙያ ማስቸገሩ እውነት ነው፤ ብዙዎች በውጭ ባለ ዘመድ በኩል ይከፍላሉ። ይህ ከሆነ አድራሻው የተመዘገበው በማን ስም እንደሆነና የማደሻው ቀን መቼ እንደሆነ ባለቤቱ ጽፎ መያዝ አለበት። አድራሻው የራስ ከሆነ ገጹን ያስቀመጠው ድርጅት ቢዘጋ እንኳ ዕቃን ሰብስቦ ወደ ሌላ ቤት መግባት ይቻላል፤ ደንበኛውም በዚያው አድራሻ ያገኘዋል።

በመጨረሻም ድረ ገጽ መስኮት እንጂ ጎተራ አይደለም። ዋናዎቹ ፋይሎች ቢያንስ በሁለት ዲስክ፣ ሁለቱም በተለያየ ቤት መቀመጥ አለባቸው። በፋይሉ ውስጥም የአንሺው ስም፣ ቀኑና ቦታው ቢጻፍ፣ ምስሉ ከገጹ ቢለይ እንኳ ስሙን ይዞ የመሄድ ዕድል ያገኛል።

ያልተጻፈው

በ1996 ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዠራር ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው ሲያሳትሙ የሠሩት ሥራ በከፊል የመርማሪ ሥራ ነበር። ያልተጻፈውን ስም ከልብሱ፣ ከሕንፃው፣ ከሽማግሌዎች ትዝታ መልቀም ነበረባቸው። ከዓመታት በኋላ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የተነሡ ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የሰበሰቧቸውን ፎቶግራፎች በኢንተርኔትና በመጽሐፍ ሲያወጡ፣ ምስሎቹን ሕያው ያደረጋቸው ባለቤቶቹ አጠገባቸው ተቀምጠው የተናገሩት ቃል ነው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የመሠረተችው የአዲስ ፎቶ ፌስትም የአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች በስማቸውና በሥራቸው በአገራቸው መድረክ እንዲቆሙ አድርጓል። ሕጉም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀረም፤ በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ስሙን በቅድሚያ ያልጻፈ ሰው መብቱን በምን ያስረዳል?

ለሙያው ሰፊ ዓመታት ሰጥተው ዛሬ በዕድሜ የገፉ ፎቶግራፍ አንሺዎች በየከተማችን አሉ። አልጋቸው ሥር በካርቶን የተቀመጠው ኔጌቲቭ የሠፈሩን ሠርግ፣ የትምህርት ቤቱን ምረቃ፣ ዛሬ የፈረሰውን ሕንፃ ይዟል። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው። ድረ ገጽ መሥራት የሚችሉት ደግሞ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ሁለቱ ትውልዶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ እየነገረ ሌላው እየጻፈ ሃያ ምስሎችን ከነስማቸው ቢያወጡ ከአንድ ቅዳሜ በላይ አይፈጅባቸውም። ካርቶኑ ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ የሚናገሩለት ሰዎች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።